አዲስ የታዘዘች መኪና ቀለሟ ሲያጠራጥር

ጥያቄ፦ «ከአምስት ወር በፊት ቀብድ ከፍዬ ያዘዝኳት ነጭ ፐርል የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ገብታለች። ለርክክብ ሄጄ ሳያት የቀኝ የኋላ በሯ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ቀለሙም ከፊተኛው በር ይልቅ ወደ ቢጫ ያደላ መሰለኝ። ኮፈኑ ላይ ወርዶ የደረቀ ጠብታ የመሰለ ነገር አለ። በኮፈኑና በግራ ፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ወደ ንፋስ መከላከያው መስታወት ሲጠጋ ይሰፋል። ከኋላ ጎማው በላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ስርጉድ አለች። ሻጩ ‹የፋብሪካ ነው፣ ፈርመው ይረከቡ፤ በኋላ ፖሊሽ እናስደርግልዎታለን፣ ካልሆነም በሩን እናስቀባለን› ይለኛል። ቀሪውን ከፍዬ ልውሰዳት? በሩስ ቢቀባ ምን እጎዳለሁ?» ገዢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሩ እንዲቀባ አሁን አይስማሙ፤ ፖሊሹንም ያቆዩት። የዘረዘሯቸው አራት ነገሮች አንድ ዓይነት ችግር አይደሉም። አንዱ በመፍቻ ብቻ የሚስተካከል ሊሆን ይችላል፤ ሌላው በግማሽ ሰዓት በእጅ የሚጠፋ ነው። አንዱ ግን መኪናዋ እርስዎ ዘንድ ከመድረሷ በፊት አደጋ ደርሶባት ተጠግና እንደሆነ ሊናገር ይችላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ቀለም ከተነካ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ፖሊሽ ደግሞ መጥፎ ባህርይ አለው፤ ውስጡ ያለው ዘይትና ሰም ጭረቱን ሞልቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ያስውበዋል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጉድለቱ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ፊርማዎ ሻጩ እጅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ ነው። መኪናዋ በንጹሕ ውኃና በሻምፑ ትታጠብ፣ ሙሉ በሙሉ ትድረቅ። እርጥብ ቀለም ሁሉ ያማረ ስለሆነ በእርጥቡ አይመልከቱ። የቀትር ፀሐይም አይሆንም፤ ከአናት ስለሚወርድ ዓይን ያጭበረብራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ፣ ወይም በጥላ ውስጥ ረጅም ነጭ ፍሎረሰንት መብራት በተሰቀለበት ቦታ ይሁን። ፊት ለፊት ቆመው ሳይሆን ከጎን ዝቅ ብለው፣ የመብራቱን ነጸብራቅ መስመር ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት እየተከተሉ ይሂዱ። መስመሩ የሚሰበርበት ወይም የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ስርጉድ ወይም ስቱኮ (ስርጉድ የሚሞላበት ልጥፍ) አለ። ነጭ ፐርል ጉድለት በመደበቅ የታወቀ ቀለም ስለሆነ ይህችን ነገር አይለፏት።

የቀለም ልዩነቱን ደግሞ ከሦስት አቅጣጫ ይዩት፦ ፊት ለፊት፣ ከ45 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ ከበሩ ጋር ትይዩ ሊሆኑ እስኪቃረቡ ድረስ ከጎን። ፐርል የሚሠራው በሦስት ደረጃ ነው፤ ነጩ መነሻ ቀለም፣ በላዩ ስስ የሆነው የፐርሉ ሽፋን፣ ከዚያ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ የላይኛው ሽፋን። መካከለኛው ሽፋን አንድ ዙር ከበዛ ወይም ካነሰ በሩ ፊት ለፊት ሲታይ አንድ፣ ከጎን ሲታይ ሌላ ይሆናል። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ልዩነት የሚያሳይ በር ተቀብቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግን ለሻጩም ፍትሕ ነው፦ በላሜራውና በፕላስቲኩ ባምፐር መካከል ትንሽ የቀለም ልዩነት መኖሩ ከፋብሪካም የተለመደ ነው፤ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ መስመርና በተለያየ ሙቀት ይቀባሉ። በርን ከበር፣ ፓራፋንጎን ከኮፈን ጋር ያወዳድሩ።

አሁን ወደ ሻካራው በር እንምጣ፤ የደብዳቤዎ ዋና ነገር እሱ ነው። ስስ የፌስታል ከረጢት እጅዎ ላይ ያጥልቁና በሩን ቀስ ብለው ይዳብሱ፤ ባዶ ጣት የማይሰማትን ፌስታሉ ያሰማል። ከዚያ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን፣ ሌሎቹን በሮች በተመሳሳይ መንገድ ይዳብሱ። ሻካራነቱ በጠፍጣፋዎቹ ቦታዎች ሁሉ፣ በተለይ በጣሪያና በኮፈን ላይ ካለ የብረት ብናኝ ነው። ወደብ ላይ፣ ከባቡር ሐዲድ፣ ከጭነት መኪና ፍሬንና ከብየዳ የሚነሳ ብናኝ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ ግቢ ድረስ አብሮ ይመጣል። ነጭ ቀለም ላይ በቅርብ ሲያዩት ብርቱካናማ ነጠብጣብ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ ፈሳሽ በቀዝቃዛ ላሜራ ላይ፣ በጥላ ይረጫል፣ ብረቱን ሲያገኝ ሐምራዊ ይሆናል፣ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ይታጠባል። የቀረው በማጽጃ ሸክላ (እንደ ሊጥ በሚለሰልስ የመኪና ቀለም ማጽጃ) እየተዳበሰ ይለቃል፤ ሸክላው በሳሙና ውኃ መንሸራተት አለበት፣ አንዴ መሬት ከወደቀ ይጣላል። ለዚህ ቀለም የሚያስነካ ምክንያት የለም።

ሻካራው ያ አንድ በር ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብናኝ ቀጥ ብሎ የቆመን አንድ በር መርጦ ሌላውን አይተውም። አንድ በር ብቻ የሚሻክረው አቧራ በበዛበት ግቢ ስለተቀባ ወይም ጎኑ ሲቀባ የቀለም ብናኝ ስላረፈበት ነው። ምልክቶቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ። በሩን ይክፈቱና ጥፍርዎን በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያሳልፉ፤ ሲቀባ ቀለም እንዳያልፍ መከለያ ፕላስተር የተለጠፈበት መስመር እንደ ቀጭን ደረጃ ጥፍር ይይዛል። የበሩን ጎማ ገልበጥ አድርገው ከሥሩ ነጭ ጭጋግ አለ ወይ ይዩ። የመስታወቱን ጠርዝ፣ የእጀታውን ዙሪያ እንደዚሁ። ከዚያ ማጠፊያው ላይ ያሉትን ብሎኖች ይመልከቱ፦ በፋብሪካ የተቀባ ብሎን አናቱ ላይ ቀለሙ ያልተሰበረ ነው፤ መፍቻ የገባበት ብሎን ማዕዘኑ ላይ ብረት ያሳያል። የበሩ ታችኛ ጠርዝ በውስጥ በኩል ውኃ እንዳይገባ የሚደፈንበት ረጅም የማስቲሽ መስመር አለው፤ ከግራው በር ጋር ያስተያዩት። ግራው ቀጥ ያለ፣ ቀኙ የተንቦራቀቀ ወይም የሌለ ከሆነ በሩ ተቀይሯል ወይም ተቀጥቅጧል።

ከዓይን የሚያልፈውን ደግሞ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይናገራል። በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው የሚመረምሩ ባለሙያዎች ይዘውት ይዞራሉ። ብረትንም አሉሚኒየምንም የሚለካውን ዓይነት ይጠይቁ፤ ማግኔት ብቻ ያለው አሉሚኒየም ኮፈን ላይ ምንም አያነብም። ፕላስቲክ ባምፐር ላይ ግን ሁለቱም አይሠሩም። ባለሙያው ከመጀመሩ በፊት አብሮት በሚመጣው ባዶ ብረትና የታወቀ ውፍረት ባለው ስስ ፕላስቲክ ማረም አለበት፤ ሳያርም የለካ ሰው ቁጥር አይያዝለትም። በእያንዳንዱ አካል ላይ ቢያንስ አምስት ቦታ ይለካ፤ አራት ማዕዘንና መሐል።

ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው? የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ባለሦስት ደረጃ ፐርል ትንሽ ወፈር ሊል ይችላል። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። በዚያች ስስ ሽፋን ውስጥ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ የሚያዘው ፀረ ዝገት 20 ገደማ፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ፕራይመር 30 ገደማ፣ ቀለሙ ራሱ ከ15 እስከ 30፣ ከላይ ያለው ክሊር ከ35 እስከ 50 ይይዛል። ከቁጥሩ ይልቅ ንጽጽሩን ይመኑ። ሦስቱ በሮች 110፣ 115፣ 120 እያነበቡ የቀኝ የኋላው 230 ካነበበ እንደገና ተቀብቷል። ከ400 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ ሊኖር ይችላል፤ 1,000 ከደረሰ አያጠራጥርም። ተከራካሪ ሻጭ «ፋብሪካም ራሱ አርሞ ይቀባል» ይልዎታል፤ እውነት ነው፣ በፋብሪካ መስመር ላይ ጉድለት የተገኘበት አካል ተመልሶ ሊቀባ ይችላል። ነገር ግን የፋብሪካ እርማት አብዛኛውን ጊዜ የፕላስተር መስመር፣ ጎማ ላይ ጭጋግና የተፈታ ብሎን አይተውም። ሦስቱ ምልክቶች ከከፍተኛ ቁጥር ጋር ከተገናኙ ሥራው የተሠራው ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ላይ ልዩነቱ ለምን እንደሚያስጨንቀን እንንገርዎ። ፋብሪካ ውስጥ ቦዲው መስታወት፣ ጎማ፣ ሽቦ፣ ባትሪ ሳይገጠምለት ባዶውን ስለሚቀባ ክሊሩ በ140 ዲግሪ ገደማ ይጋገራል። የተገጠመች መኪና ያንን ሙቀት አትችልም። ስለዚህ ጋራዥ የሚቀባው ከሃርድነር (ከማጠንከሪያ ፈሳሽ) ጋር ተደባልቆ በ60 ዲግሪ ገደማ የሚደርቅ ሌላ ዓይነት ቀለም ነው። ጥሩ ባለሙያ በጥሩ ፎርኖ (ቀለም በሙቀት በሚደርቅበት ክፍል) ከሠራው ዓመታት ይኖራል፤ ይህን አንክድም። ግን ከሥሩ ያለው የፋብሪካው ፀረ ዝገት እስከ ብረቱ ተፍቆ ከሆነ ያንን ሽፋን እንደነበረ የሚመልስ ጋራዥ የለም። የፋብሪካ ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ትንሽ እንከን ያለበት የፋብሪካ ቀለም ፍጹም ከሚመስል አዲስ ቅብ ይሻላል እንላለን። ነገ ሲሸጧትም ገዢው ይዞት የሚመጣው መለኪያ ያው ነው።

የኮፈኑ ጠብታ ከአራቱ ቀላሉ ነው። ክሊሩ በአንድ ቦታ በዝቶ ወርዶ የደረቀ ነው። በዙሪያው ያለው ቁጥር ከሌላው ኮፈን ጋር እኩል ከሆነ የፋብሪካ ጉድለት ነው፣ በእጅ ይነሳል። ዙሪያው በፕላስተር ይከለላል፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ጠንካራ በሆነች ትንሽ ቁራጭ ላይ ይጠቀለላል፣ 1500 ቁጥር የጠብታዋን አናት ብቻ ይላጫል፣ ቀጥሎ 2000፣ ቀጥሎ 3000፣ ሁሉም በሳሙና ውኃ። በመጨረሻ በማሽን ይወለወላል። ስህተቱ የሚመጣው ወረቀቱን በጣት ይዞ መፈግፈግ ሲጀመር ነው፤ ጣት ለስላሳ ስለሆነ ጠብታውን ትቶ ዙሪያውን ይበላል። በየደረጃው መለኪያው ይያዝ፤ ከዙሪያው ከ5 እስከ 10 ማይክሮን በላይ መነሳት የለበትም። የፀሐይን ጨረር የሚከላከለው ክሊሩ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ጨረሩ ብርቱ ነው፣ የሳሳ ክሊር ከጥቂት ዓመት በኋላ ነጥቶ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ጠብታዋ ጎልታ የማትታይ ከሆነ እንዳለች ትተው ካሳ ቢጠይቁባት የተሻለ ውሳኔ ነው።

ክፍተቱን በባንክ ካርድ ይለኩት። አንድ ካርድ 0.76 ሚሊሜትር ነው፤ አምስት ካርድ ሲደረደር ወደ 3.8 ይደርሳል። በመኪኖች ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የተለመደ ነው፤ ዋናው ግን ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑ ነው። አሁን ቀኙን ይዩ። ግራው ወደ መስታወቱ ሲሰፋ ቀኙ በዚያው ቦታ ከጠበበ ኮፈኑ ዞሯል ማለት ነው፤ የማጠፊያው ብሎኖች ቀዳዳ ረዘም ያለው ለዚሁ ስለሆነ፣ የነበረበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎ፣ ላላ ብሎ ተገፍቶ ይጠበቃል። የሰዓት ሥራ አይሆንም። ቀኙ ትክክል ሆኖ ግራው ብቻ ከሰፋ ግን ከቦታው የወጣው ፓራፋንጎው ነው። ኮፈኑን ከፍተው የፓራፋንጎውን ብሎኖችና የግራ መብራቱን ማቀፊያ ይመልከቱ። የተፈታ ብሎን ወይም የተሰነጠቀ ማቀፊያ ካለ መኪናዋ በግራ ፊቷ ተመትታ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የቀለም ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፣ በመፍቻ ማስተካከልን አይቀበሉ።

ስርጉዷ ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ያለ ቀለም በሚሠራ ጥገና ትወጣለች፦ ከውስጥ በረጅም ብረት በትንሽ በትንሹ እየተገፋች፣ ወይም ከውጭ በማጣበቂያ እየተሳበች። ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ላሜራ የተበየደ ስለሆነ እንደ በር ፈትቶ መቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ለስቱኮና ለቀለም አይቸኩሉ። ጠርዙ ጋ ላሜራው ድርብ ስለሆነ ከውስጥ መግባት ያስቸግራል፤ ባለሙያው የውስጥ ሽፋኑን አውልቆ ካየ በኋላ ይወስን። በማጣበቂያ ከመሳቡ በፊት ያ ቦታ መለካት አለበት። የፋብሪካ ቀለም ስበቱን ይችላል፤ በላዩ የተቀባ ቀለም ግን ከማጣበቂያው ጋር ተገሽልጦ ሊመጣ ይችላል።

በሩ በምርመራው ተቀብቶ ከተገኘና እርስዎም መኪናዋን ማስቀረት ከፈለጉ፣ እንደገና መቀባቱን በእነዚህ ሁኔታዎች ብቻ ይቀበሉ። የቀለሙ ኮድ አምራቹ መኪናዋ ላይ ከለጠፈው መለያ (ከታርጋው ሳይሆን) ይወሰድ። መጀመሪያ በቁራጭ ካርድ ላይ ፐርሉ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ዙር ተረጭቶ፣ ከነክሊሩ ደርቆ፣ ከፊተኛው በር ጋር በፀሐይ ይመሳከር፤ እርስዎ ያዩትና የተስማሙበት ካርድ ይቀመጥ። እጀታ፣ ጎማና የመስታወት ጠርዝ ይፈቱ፤ በፕላስተር ተከልለው የሚቀቡ ከሆነ በቅድሚያ የሚነሳው ቀለም የዚያ ጠርዝ ነው። ፐርልን በር ላይ ብቻ ቀብቶ ማመሳሰል ስለሚከብድ ቀለሙ ወደ አጎራባቹ ላሜራ እየሳሳ እንዲዋሃድ ይደረጋል፤ ይህ ማለት ጤናማ የፋብሪካ ቀለም ያለው አካልም ይነካል ማለት ነው፣ ስለዚህ ዋጋውን ሲደራደሩ ይቁጠሩት። መኪናዋ የኤሌክትሪክ ስለሆነች ፎርኖ ከመግባቷ በፊት አምራቹ ለባትሪው የፈቀደው ከፍተኛ ሙቀትና የቆይታ ጊዜ ከመመሪያው ተነብቦ ይጻፍ። ባምፐር ላይ ደግሞ ስቱኮ ፈጽሞ አይፍቀዱ። ከኋላው ርቀት የሚለካ ራዳር ካለ ወፍራም ሽፋን ምልክቱን ያዳክመዋል፤ መኪናዋም በራሷ ፍሬን የምትይዘው በዚያ ምልክት ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ። የርክክብ ሰነዱ «ያለ ምንም ጉድለት ተረክቤአለሁ» የሚል ከሆነ አይፈርሙ። ከተቻለ ቀሪ ክፍያውም ምርመራው እስኪያልቅ ይቆይ፤ ውልዎ የክፍያ ቀን አስሮ ከሆነ ግን ጉድለቱን በጽሑፍ አሳውቀው፣ መብትዎን እንደጠበቁ ገልጸው ይክፈሉ። በሰነዱ ላይ በእጅ ጽሑፍ እያንዳንዱን ጉድለት ከነቦታውና ከነመጠኑ ይዘርዝሩ፦ «የቀኝ የኋላ በር፣ አማካይ ውፍረት ይህን ያህል ማይክሮን፣ የሌሎቹ በሮች ይህን ያህል፤ የሻንሲ ቁጥር ይህ»። ፎቶው የመለኪያውን ቁጥርና ላሜራውን በአንድ ላይ ያሳይ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይስጡና በአንዱ ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ጊዜው አጭር ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ ዕቃውን እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በስልክ የተነገረ ቅሬታ ለማስረዳት ይከብዳል።

ሻጩ «የፋብሪካ ነው» ካለ ይህንኑ በፊርማው ይስጥዎ። የፋብሪካ ከሆነ በአምራቹ ዋስትና ይሸፈናል፤ በመንገድ የደረሰ ከሆነ አስመጪው የጉዞ ኢንሹራንስ ካለው እሱ ከኢንሹራንሱ ይጠይቅ፣ ያ የእርስዎ ሸክም አይደለም። ጥገናው የዝገት ዋስትናውን እንደማያስቀር፣ ቀለሙ ከተበላሸ ማን እንደሚጠግንና ለስንት ጊዜ እንደሆነም በጽሑፍ ይግባ። ከተቀባ በኋላ ግን የታወቀ ጥገና ያለባት መኪና ናትና የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ያስኬዳል።

ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ መኪናዋን ሌላ ጋራዥ አያስገቡ፤ ሴራሚክ የሚባለውን የቀለም መከላከያ ሽፋን አያስቀቡ፣ መከላከያ ላስቲክም አያስለጥፉ። ከወደብ ጀምሮ ኮፈንና ጣሪያ ላይ የተለጠፈው ነጭ የጉዞ ላስቲክ ካለ ግን ዛሬ ይነሳ። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ማጣበቂያው ቀለሙ ላይ ይቀራል፣ ጠርዙም ምልክት ይተዋል፤ ከሥሩ ያለውንም ጉድለት እስካሁን አላዩትም። ላሜራው ለብ ሲል ከማዕዘን ጀምረው ወደ ራሱ እያጠፉ ቀስ ብለው ይሳቡት፣ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ አይንጩት። በሩ እንደገና ከተቀባ ደግሞ ለአንድ ወር ያህል ሰምም ላስቲክም አይንካው፤ ከቀለሙ የሚወጣው ቲነር መውጫ ካጣ ውኃ እንደቋጠረ ቆዳ ይነፋል።